ሙከራ ማለት ሲገባኝ

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ነጠላ ነው። እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከኋላዋ መጥቼ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግሁላት። ጮኸች። የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ሰው ጮኸች፤ እኔም ነጠላውን እንደያዝሁ፣ እጄን አየር ላይ እንደሰቀልሁ ደርቄ ቀረሁ። ስድስት ልጅ ስትወልድ ጎረቤት ድምፅዋን አልሰማም የሚባልላት ሴት ናት። ማጭድ ጣቷን ሲቆርጣት በመቀነቷ ጫፍ አስራ አጨዳዋን የጨረሰች ናት። እሷን ነው እንግዲህ ነጠላ ያስጮኻት።

«ምን ነካሽ እማዬ?»

«እሳት» አለች። «አንሺልኝ። እሳት ነው ያለበስሽኝ።»

ነገሩ የጀመረው በጥር ነው። በቀኝ ጎኗ፣ ከጀርባዋ ተነሥቶ በጎድኗ ዞሮ እስከ ጡቷ ሥር፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። አልማዝ ባለጭራ ይሉታል። ለእንዲህ ያለ ነገር እንዲህ ያለ ጌጠኛ ስም ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ቁስሉ በወሩ ሻረ፤ ሕመሙ ግን አልሻረም። ጤና ጣቢያ ያየን ወጣት ሐኪም ነርቩ ተጎድቷል አለኝ፤ ቆዳው ቢድንም ነርቩ ገና እሳት አለ እያለ ይጮኻል። ኪኒን አዘዘላት። ኪኒኑ አደነዘዛት፤ በሦስተኛው ቀን ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ ደጃፉ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን ምላሷ ሥር ደብቃ ቆይታ ስትተፋው ያዝኋት።

«አእምሮዬን የሚወስድብኝን ነገር አልውጥም» አለች። «ሕመሙ ይሻለኛል፤ እሱ እንኳ የራሴ ነው።»

ሐኪሙ አልተቆጣም። «በሰኔ አጋማሽ ይዘሻት ነይ፤ መጠኑን ቀንሰን፣ ካልሆነም ሌላ ቀይረን እናያለን» ብሎ ቀጠሮ ጻፈልኝ። ወረቀቱን መዝገበ ቃላቴ ውስጥ አስቀመጥሁት። ወደዚህ ወረቀት እመለሳለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

ጎረቤታችን የወሎ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው በከባድ መኪና ጭነት ሲያመላልሱ ኖረው፣ ቃሊቲ ላይ ቤት ሠርተው እዚሁ አረፉ። እሳቸው በማረሚያ ቤቱ መንገድ ላይ ትንሽ ኪዮስክ አላቸው፤ ጠያቂዎች ይዘው መግባት የማይችሉትን ስልክና ቦርሳ እሳቸው ዘንድ አስቀምጠው፣ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ተቀብለው ይገባሉ። እሑድ እሑድ መደርደሪያው በስልክ ተሞልቶ፣ አንዱ ሲጮኽ ሌላው ሲመልስ፣ እሳቸው መሐል ቁጭ ብለው የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ሙሰብሓቸውን፣ ይቆጥራሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት የአንዱን ለሌላው ሰጥተው አያውቁም። ይህን የማነሣው ለወሬ ማሟያ አይደለም። ያመንኋቸው በዚህ ስለሆነ ነው።

ነጠላው ባስጮኻት ሰሞን ሊጠይቋት መጡና በጋዜጣ የተጠቀለለ ቅጠል ከጉያቸው አወጡ።

«ይኼን ወቅጬ በለጋ ቅቤ ለውሼ እሰጥሻለሁ፤ ጠዋትና ማታ ቀቢያት» አሉኝ። «የኔም እናት የሰፈሩን ነበልባል ስታጠፋ የኖረችው በዚህ ነው።»

«እማማ፣ ምን ቅጠል ነው?»

«ቅጠል ነዋ።»

«ስሙን ማለቴ ነው።»

«ስሙን ጠርቼ መድኃኒቱን ልሻረው? ለኔም ሳይነገረኝ ነው የተሰጠኝ። ደግሞ አንቺ ስሙን ካወቅሽ መጽሐፍ ለመጽሐፍ ስታሳድጂው የናትሽ ተዝካር ይደርሳል!»

እናቴ ከአልጋዋ ሆና «እውነቷን ነው» አለች።

እውነታቸውን ነው። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ከፋብሪካ ፈረቃቸውን ጨርሰው የሚመጡ ሴቶች ጀርባ ተቀምጬ። ዘግይቶ የተማረ ሰው በቃል ይሳሳል፤ አንዲት ቃል ያለቦታዋ ስትገባ ጫማው ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ሰው ይሆናል። አሁን አቃቂ በሰቃ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መጽሐፍ ያለመደርደሪያው ተቀምጦ ካየሁ ምሳዬ አይወርድልኝም። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ የማይጠራ ቅጠል እናቱ ገላ ላይ ዝም ብሎ አይቀባም።

ካሉን የሳይንስ መጻሕፍት በአንዱ መድኃኒት እንዴት እንደሚፈተሽ አንብቤ ነበር። ሁለት የሚመሳሰል ነገር ይዘጋጃል፤ አንዱ መድኃኒቱ አለበት፣ ሌላው የለበትም። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚቀባውም የሚቀባለትም ሰው አያውቅም፤ ተስፋ ዓይን ስለሚጋርድ ነው። ሳስበው የሴትዮዋ ወግና የመጽሐፉ ሕግ አንድ ሆኑብኝ። ሁለቱም «አትንገር» ነው የሚሉት። በዚህ ግጥምጥሞሽ ሁለት ቀን ሙሉ ደስ ሲለኝ ሰነበተ።

«እማማ፣ ሁለት ብልቃጥ ያዘጋጁልኝ» አልኋቸው። «በአንዱ ቅጠሉን፣ በሌላው ጎመን። ሁለቱንም በለጋ ቅቤ ይለውሱት። አንዱ ላይ ቀይ ክር፣ አንዱ ላይ ጥቁር ክር ይሰሩበት። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን እኔም ብጠይቅዎ አይንገሩኝ።»

«ጎመን በቅቤ?» ወደ እናቴ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ልትቀባሽ ነው ልትበላሽ?»

«ጎመን በጤና የሚሉት ይኼን ይሆናል» አለች እናቴ። ሁለቱም ሣቁ። የእናቴ ሣቅ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ እጇን ጎኗ ላይ ሳታሳርፍ፣ አየሩን ይዛ፣ እስኪያልፍላት ጠበቀች።

ሕመሟ ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው ቀኑን ሙሉ እንደ ፍም የሚግም ነው፤ እሱ አይቆጠርም። ሌላው እንደ መብረቅ ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ነው፤ እሱ ይቆጠራል። እናቴ መጻፍ አትችልም፤ ስለዚህ ጥሬ ባቄላ በትንሽ ከረጢት አድርጌ ራስጌዋ ላይ አንጠለጠልሁላት፣ ባዶ የወተት ጣሳም መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥሁ። አልጋዋ ከመስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ ትታፈናለች፣ ክረምት ከበጋ ክፍት ነው። ከመስኮቱ ውጪ በእኛ ግድግዳና በመጋዘኑ አጥር መሐል ክንድ ተኩል የማይሞላ መተላለፊያ አለ፤ ቦይ ለመጥረግ ካልሆነ ማንም አይገባበትም።

«ብልጭ ባለብሽ ቁጥር አንድ ባቄላ ከዚህ አውጪና ጣይ» አልኋት። «ማታ መጥቼ እቆጥረዋለሁ።»

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፈተና ነው።»

«አሁንም ፈተና? ጨርሰሽ የለም እንዴ?»

«ይኼ የመጨረሻው ነው።» ሣቅ አልሁ።

«ስንት ሲመጣ ነው የሚታለፈው?»

«ባቄላው ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳንቀባ እንድንቆጥር አደረግሁ፤ መነሻው ካልታወቀ ምን ያህል እንደተሄደ አይታወቅም። በመጀመሪያው ቀን ከሥራ ገብቼ ጣሳውን ሳነሣው ከበደኝ። ብርድ ልብሷ ላይ ዘረገፍሁትና ሁለት ሁለት እያደረግሁ ቆጠርሁ። ሠላሳ ስምንት። የተሳሳትሁ መስሎኝ እንደገና ቆጠርሁ። ሠላሳ ስምንት። እኔ በልቤ ስምንት ዘጠኝ ብዬ ነበር። ማታ ማታ ቤት ስገባ «እንዴት ዋልሽ?» እላት የለም? «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ትለኝ የለም? በቀን ሠላሳ ስምንት ጊዜ መብረቅ የሚመታት ሴት ናት «ደህና» ስትለኝ የከረመችው።

«ይኼ ሁሉ?» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ቀና ስል እናቴ ባቄላውን አልነበረም የምታየው። ፊቴን ነበር።

በማግስቱ አርባ አንድ። ከዚያ ሠላሳ ስድስት። በየቀኑ እፊቷ ዘርግፌ እቆጥራለሁ፣ ቆጥሬም ወደ ከረጢቱ እመልሰዋለሁ፤ በየቀኑ ፊቴን ታያለች።

በሁለተኛው ሳምንት በቀይ ክሩ ጀመርን። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊትና ማታ፣ እሷ የአልጋውን ብረት ይዛ ጀርባዋን ትሰጠኛለች፣ እኔ በሁለት ጣቴ እቀባታለሁ። ከኋላዋ ስለምቆም ፊቷን አላየውም። ዝም ትላለች። ዝምታዋን በመልካም ተረጎምሁት።

ቁጥሩ ወረደ። ሠላሳ አንድ፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ሁለት። ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ አስምሬ ጻፍሁት። በሦስተኛው ሳምንት ጥቁሩን ስንጀምር ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል ወይም ይወርዳል ብዬ ልቤን አንጠልጥዬ ጠበቅሁ። ሃያ። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ አራት። እንደገና ቀይ፤ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ። እንደገና ጥቁር፤ ስድስት።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥሁ። ከሁለቱ አንዱ ጎመን ነው እኮ! ጎመን መብረቅ ያቆማል? ወይስ እናቴ በቅቤው ብቻ እየዳነች ነው? ወይስ ራሱ ቀኑ ደርሶ የሚለቃት ነው? ያነበብሁት መጽሐፍ እንዲህ ያለውን አልነገረኝም ነበር።

በዚህ መሐል የባቄላው ከረጢት አለቀ። ጎረቤታችን ተቀምጠው ነበር፤ «እማዬ፣ ባቄላው አልቋል እኮ» ስላት እሳቸው ከአፌ ነጠቁኝ፦

«ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ!»

እናቴ ከሁላችን በላይ ሣቀች። ሣቅንና ከረጢቱን ሞላሁት። ጣሳውን በየቀኑ ስቆጥር፣ ቀኑን ስጽፍ፣ ክሩን ሳገላብጥ፣ አንድ ያልቆጠርሁት ነገር ቢኖር ያ ከረጢት ነው። የእናቴ ጥርሶች ጥሬ ባቄላ ሊያኝኩ አይችሉም፤ አይጥ ካልሰረቀው ደግሞ በየማታው የምመልሰው ባቄላ ሊያልቅ አይገባውም ነበር። የትኛውንም አላሰብሁም። በቀልድ አለፈኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አይቼ እንዳላየሁ ያለፍሁት አለ። እናቴ ቤት ውስጥ ነጠላ መልበስ ትታ ነበር። ሰኔ ገብቶ፣ ብርዱ ከግድግዳው ሲወጣ፣ በስስ ቀሚስ ትቀመጣለች። «አይበርድሽም?» ስላት «ሞቀኝ» ትለኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተሬን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ወደ ኪዮስኩ ሄድሁ። ስንቅ ያንጠለጠሉ ጠያቂዎች ተሰልፈዋል። ወረፋው ቀለል እስኪል ጠበቅሁ።

«እማማ፣ እንዳይነግሩኝ ብዬ ነበር፤ አሁን ይንገሩኝ። ጎመኑ የትኛው ነው? ሁለቱም ሠርተዋል፤ ግራ ገብቶኛል።»

ለአንዲት ሴት ካርቶኗን ሰጧት፣ ስልኳን መደርደሪያው ላይ በጀርባው አስተኙት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጎመን የለም» አሉ።

«የለም ማለት?»

«የለም ማለቴ ነዋ። ሁለቱም ቅጠሉ ነው።»

«እንዴ! ቀይና ጥቁር ክር አስረውበታል እኮ!»

«ክር እሰሪ አልሽኝ፤ አሰርኩ። አትንገሪኝ አልሽኝ፤ አልነገርኩሽም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ጎረቤቴን እሳት ሲበላት ቁጭ ብዬ ጎመን ልቀባት? ነገ አላህ ፊት ስቆም ምን ልል ነው? ‹ልጇ መጽሐፍ አንብባ ነው› ልል?»

ክው አልሁ። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ «እናቴ፣ ቶሎ በይ፣ ሊዘጋብን ነው» አለኝ፤ ከሰልፉ ወጣሁ። በከባድ መኪኖቹ ዳር ዳር ስመለስ ሁለት ወር የማይሞላ ድካሜ በአንዲት አሮጊት ርኅራኄ እንደ አሸዋ ሲፈርስ ይሰማኝ ነበር። በዓይኔ ደብተሬን ስቀድደው አየሁት። ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ስደርስ ግን አንድ ሐሳብ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ሁለቱም ቅጠሉ ከሆነ ቁጥሩን ያወረደው ቅጠሉ ነዋ! ሙከራው ተበላሸ እንጂ መድኃኒቱ አልተበላሸም። ከሠላሳ ስምንት ወደ ስድስት! እዚያው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሜ ሣቅሁ። ሰው ዞር ብሎ አየኝ። በሕይወቴ ያልተሟላ ማስረጃ በደስታ የተቀበልሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሐኪሙ ቀጠሮ የዋለው በዚያው ሳምንት ነበር። ጠዋት ወረቀቱን ከመዝገበ ቃላቱ አውጥቼ «እንሂድ ወይ?» አልኋት። ከዋዜማው ማታ ጣሳው ውስጥ ያገኘሁት አራት ባቄላ ነው።

«ምን ልንሠራ? አራት እኮ ነው» አለች እናቴ። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «አራት ጥሩ ነው አይደል?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

ቀጠሮውን ያሳለፍሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አጥፌ የውጤቱ ደብተር ውስጥ ምልክት አደረግሁት። ማታ ማታ ውጤቱን በንጹሕ ወረቀት እገለብጥ ነበር፤ ለሐኪሙ ላሳየው።

ሐምሌ ገባ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከሁለት ቀን ዶፍ በኋላ በጓሮ በኩል ውሃ ግድግዳውን እያረጠበ መሆኑን አየሁ። እናቴን «ሱቅ ደርሼ መጣሁ» ብያት ወጣሁ፤ እውነትም ሱቅ ልሄድ ነበር፤ ካፊያው ሲጀምር መንገዴን ቀይሬ አካፋ አነሣሁና በመጋዘኑ አጥር በኩል ዞሬ ወደ መተላለፊያው ገባሁ።

አረንጓዴ ነበር። መጀመሪያ ሳር መሰለኝ። ጎንበስ ስል ሳር አይደለም። ወፍራም፣ ባለ አራት ማዕዘን ግንድ፣ ድቡልቡል ቅጠል። ባቄላ ነው። አንድ ሁለት ቢሆን ወፍ ጣለው እል ነበር። ከመስኮታችን ሥር ጀምሮ፣ እጅ በበተነው ልክ፣ በግማሽ ክብ ተበትኖ የበቀለ ባቄላ ነው። አንዳንዱ ስንዝር ሆኗል፣ አንዳንዱ አሁን ገና አፈሩን ሰንጥቆ አንገቱን እያወጣ ነው። በመሐሉ ያልበቀለ፣ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ፣ ትናንት የወደቀ አለ።

ያሰብሁትን እንኳ ገና አስቤ አልጨረስሁም። ከራሴ በላይ፣ በመስኮቱ ውስጥ፣ ትንፋሽ በጥርስ መሐል ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ አንድ እጅ ከመስኮቱ ወጣ። የእናቴ እጅ ነው፤ ማጭድ የቆረጠው ጣት ጠባሳው ይታየኛል። አንጓዋን ዘርቶ እንደሚያውቅ ሰው ወዝወዝ አድርጋ መዳፏን ከፈተች። አንድ ባቄላ እግሬ ሥር ጭቃው ላይ ወደቀ።

አልተንቀሳቀስሁም። ካፊያው በአንገቴ ይገባል። እጁ እንደገና ወጣ። እንደገና። አካፋውን ተደግፌ፣ የገዛ እናቴን እንደሚሰልል ሰው ትንፋሼን ይዤ ቆምሁ። ከዚያ ከመራቄ በፊት ሰባት ጊዜ ወጣ። ከውስጥ አንድም ጊዜ ጣሳው ሲያንኳኳ አልሰማሁም።

ስገባ እናቴ ቀና ብላ «ምነው በሰበስሽ? ሱቁ ጣራ የለውም?» አለችኝ። መዳፌን ዘረጋሁላት። ከጭቃው የነቀልሁት ቡቃያ ከነፍሬው ነበረበት።

ትክ ብላ አየችው።

«በቀለ?» አለች። ገበሬ ናት፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«አልዋሸሁም» አለች ቶሎ ብላ። «በመጣብኝ ቁጥር አንድ አንድ አውጥቻለሁ፤ በሕመሜ አልቀለድኩም። ጣይ አልሽኝ፤ ጣልኩ። የት እንደምጥለው ነው እንጂ…»

«ለምን?»

የቀሚሷን ጫፍ አጠፈች፣ ዘረጋች። ከዚያ ሕፃን ሳለሁ በምትጠራኝ፣ በእናቷ ቋንቋ ጠራችኝ። «ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ።

«ፈተና ነው አላልሽም? ባነሰ ቁጥር ጥሩ ነው አላልሽም? የመጀመሪያ ቀን ሠላሳ ምናምን ብለሽ ስትቆጥሪ ፊትሽ ያን ጊዜ የሆነውን ሆነ። ዐሥረኛ ክፍል የወደቅሽ ጊዜ የሆነውን። ሳምንት ሙሉ እህል ሳትቀምሺ ግድግዳ እያየሽ ነበር የተኛሽው። ታናናሾችሽን የሚይዝልኝ ሳጣ ከትምህርት ቤት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ጸጉርሽ እስኪሸብት ስትፈተኚ የኖርሽው በኔ ነው። አሁን ደግሞ በኔ ጎን ልትወድቂ? አልጥልሽም አልኩ።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ሙከራ ማለት ሲገባኝ ፈተና አልሁ። ሙከራ የመድኃኒቱ ነው፤ ቢሳካም ባይሳካም የሚያፍር ሰው የለም። ፈተና ግን የሰው ነው፤ ይታለፋል፣ ይወደቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከቤት ስወጣ «ፈተና አለብኝ» ብዬ ስወጣ፣ እሷ በር ላይ ቆማ ስትጸልይ፣ ያቺ ቃል በቤታችን ምን እንደምትመዝን ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር? በሰው ደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ሲሳሳት ቀይ እስክሪብቶ የማነሣ ሴት፣ የገዛ እናቴን ባልሆነ ቃል ሁለት ወር እሳት ላይ አስቀመጥኋት። ያ ዝምታ፣ ያ የአልጋ ብረት፣ ያ «ሞቀኝ»። ቀጠሮው። ንጹሑ ወረቀት።

«ቅጠሉስ?» አልኋት። «ቅጠሉ ምንም አላደረገልሽም?»

«ቅጠሉማ ሲቀባ ያቀዘቅዛል። ትንሽ። ከዚያ ይመለሳል።»

«ትንሽ ማለት ምን ያህል?»

«ትንሽ ነዋ» አለች፤ በጎረቤታችን ድምፅ። ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን አልሣቅሁም።

ደብተሬ ላይ የቀረኝ እውነት ይኸው ነው። ቅጠሉ ያቀዘቅዛል፣ ትንሽ፣ ከዚያ ይመለሳል። የቀረውን ገጽ ሁሉ በአንድ መስመር ሰረዝሁት። ለጎረቤታችን ስነግራቸው ሙሰብሓቸው እጃቸው ላይ ቆመ። «እኔ ጎመን አልቀባም አልኩ፤ እሷ ደግሞ እንዲህ አደረገች» አሉ። «አንቺን የወደደሽ ሁሉ ነው የዋሸሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄጄ ያንኑ ወጣት ሐኪም አገኘሁ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ቀጠሮውን ማን እንዳሳለፈው ጭምር። ይቆጣኛል ብዬ ነበር። የባቄላውን ነገር ብቻ እንደገና እንድነግረው ጠየቀኝ። ከዚያ «በሦስት ቀን ይዘሻት ነይ። በትንሽ በትንሹ እንጀምርላታለን፤ የማያደነዝዛት መጠን እስክናገኝ» አለኝ። «ግን እውነተኛውን ቁጥር ይዛችሁ ኑ። የሦስት ቀን ይበቃል።»

ስመለስ ጣሳውን አጥቤ መስኮቱ ደፍ ላይ መለስሁት። ከረጢቱን ሞላሁ፤ በዚህ ጊዜ ቆጥሬ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«ፈተና አይደለም» አልኋት። «የሚያልፍም የሚወድቅም የለም። ስንት እንደሆነ ሐኪሙ እንዲያውቀው ነው። ብዙ ከሆነ ብዙ ይሁን።»

«እሺ» አለች።

ብዙም ሳይቆይ መጣባት። ትከሻዋ ሽቅብ ሲወጣ አየሁ። ካለፈላት በኋላ እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከተተች፣ አንድ ባቄላ አወጣች። ከዚያ እጇ በመስኮቱና በጣሳው መሐል ቆመ። መስኮቱን አላየችም፤ ጣሳውንም አላየችም። ፊቴን ነበር የምታየው። ፊቴን እንደምንም አደላደልሁት፤ ግን ከተወለድሁ ጀምሮ ያነበበችውን ፊት ምን አድርጌ ልደብቃት?

ተነሥቼ ወንበሩን አዞርሁት። ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬን ለሷ ሰጥቼ ተቀመጥሁ፤ እሷ ሁለት ወር ሙሉ ለእኔ እንደሰጠችኝ።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ውጪ ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር ይሰማል። ከዚያ ከኋላዬ ጣሳው ኳ አለ።